ስምንት ሰው ፊት የሚቆም ቦስ (ዋና ጠላት) እንዴት ይዘጋጃል?

ጥያቄ፦ «የዲ ኤንድ ዲ (በዳይስ የሚጫወቱት የምናብ ጀብዱ ጨዋታ) ዲኤም ነኝ፣ ማለት ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። ስምንት ተጫዋቾች አሉኝ፣ ሁሉም ሌቭል 7 ደርሰዋል። ለወራት ሲያሳድዱት የከረሙትን ፋየር ጃይንት (የእሳት ግዙፍ ሰው) በመጨረሻ ብረት ማቅለጫው ውስጥ አገኙት። ሲአሩ (የጭራቅ ክብደት መለኪያው) 9 ስለሆነ ይከብዳቸዋል ብዬ ነበር። ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ ሞተ። ሰይፉን የሰነዘረው በአንድ ተራ ብቻ ነው። እነሱ ደስ አላቸው፣ እኔ ግን ከፋኝ። አሁን ወንድሙ ሊበቀል ይመጣል ብያቸዋለሁ። ለእሱ ኤችፒውን (የሕይወት ነጥቡን) እጥፍ ላድርግለት? ወይስ ምቱን ላጠንክረው? እህታችሁ ነኝ።»

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ስምንት ሰው ለወራት ሳይበተን ማቆየት ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ለጥያቄሽ ያለኝ አጭር መልስ፦ ሁለቱንም አታድርጊ። ለወንድምየው የሚያስፈልገው ተራ ነው። ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ።

ያሳሳተሽ ሲአሩ ነው። በ2014ቱ የ5ኛ እትም ደንብ ሲአር የሚለካው በአራት ተጫዋቾች ነው። አርፈው የመጡና በደንብ የታጠቁ አራት ሰዎች፣ ሌቭላቸው ከጭራቁ ሲአር ጋር እኩል ከሆነ፣ ማንም ሳይሞትባቸው ያሸንፉታል ማለት ነው። አንቺ ጋ ያሉት የዚያ እጥፍ ናቸው። እስቲ በኤክስፒ (ጭራቅ ሲሸነፍ በሚሰጠው የልምድ ነጥብ) እናስላው። ለአንድ ሌቭል 7 ተጫዋች ቀላል ውጊያ 350፣ መካከለኛ 750፣ ከባድ 1,100፣ ገዳይ ደግሞ 1,700 ነው። በስምንት ሲባዛ ቀላሉ 2,800፣ ገዳዩ 13,600 ይሆናል። ፋየር ጃይንት 5,000 ኤክስፒ አለው። ነገር ግን ተጫዋቾቹ ስድስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ፣ ብቻውን የቆመ ጭራቅ ኤክስፒ በግማሽ ይታሰባል። 2,500 ቀረ። ከቀላሉም በታች ነው። በ2024ቱ እትም ይህ ማባዣ ቀርቷል። እዚያም ቢሆን ለስምንት ሌቭል 7 ሰው ዝቅተኛው በጀት 6,000 ስለሆነ፣ 5,000ው አይደርስበትም። ስለዚህ ያ ጃይንት ከመጀመሪያውም ዕድል አልነበረውም። ያንቺ አጨዋወት ድክመት አይደለም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። የጃይንቱ ኤሲ፣ ማለት እሱን ለመምታት ዳይሱ ከነጭማሪው መድረስ ያለበት ቁጥር፣ 18 ነው። ሌቭል 7 ተጫዋች ሲመታ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 20 ገጹ ዳይስ ላይ 7 ይጨምራል። ስለዚህ ግማሹን ያገኘዋል፣ ግማሹን ይስተዋል። የሳተውንም ጨምረን እያንዳንዱ ሰው በአማካይ 12 ጉዳት ያደርሳል እንበል። ይህ ብዙ አይደለም። ስምንቱ ሲደመሩ ግን በዙር 96 ነው። ጃይንቱ ያለው 162 ኤችፒ ነው። ሁለተኛው ዙር መሀል ላይ አለቀ፣ ልክ አንቺ እንዳየሽው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ በቁጥር ይታያል።

ኤችፒውን እጥፍ ብታደርጊው 324 ይሆናል። ያኔ ከሦስት ዙር በላይ ይቆያል። ግን በእያንዳንዱ ዙር ስምንት ሰው ይጫወታል፣ እሱ አንዴ ብቻ። አንድ ሰው ተራውን ለመጨረስ 3 ደቂቃ ከወሰደ፣ ቦስሽ በ24 ደቂቃ አንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። በቀረው ጊዜ ቆሞ ይመታል። ይህ ውጊያ ሳይሆን እንጨት ፈለጣ ነው። በ2008 የወጣው 4ኛው እትም «ሶሎ» የሚባሉ፣ አንድ ሙሉ ቡድን ብቻቸውን እንዲገጥሙ የተሠሩ ጭራቆች ነበሩት። ኤችፒያቸው በጣም ብዙ ነበር፣ ብዙ ተጫዋችም ውጊያው ይንዛዛል ብሎ አማሮባቸዋል። ያን መንገድ መድገም አያስፈልግም።

ምቱን ማጠንከር ደግሞ የባሰ ነው። በ2014ቱ ደንብ ፋየር ጃይንት በአንድ ተራ ሁለቴ ይሰነዝራል፣ እያንዳንዱ ምት በአማካይ 28 ነው። የሌቭል 7 ዊዛርድ (አስማተኛ) ኤችፒ 44 ገደማ ነው። ሁለቱም ካገኙት አሁንም ይወድቃል። ምቱን ወደ 56 ብታሳድጊው፣ የመጀመሪያው ይጥለዋል፣ ሁለተኛው በወደቀበት ይገድለዋል። ምክንያቱም ዜሮ ላይ ያለ ሰው በአንድ ምት የሙሉ ኤችፒውን ያህል ጉዳት ከደረሰበት ወዲያው ይሞታል። ዊዛርዱ በመጀመሪያው ዙር ሞቶ ሌሎቹን ሁለት ሰዓት እያየ ይቀመጣል። ሰባቱ ደግሞ አሁንም ጃይንቱን ይጨርሱታል። ውጊያው ሚዛኑን አላገኘም፣ የተገኘው የአንድ ልጅ የተበላሸ ምሽት ብቻ ነው። ለዚህ ነው በትልቅ ቡድን ላይ የቦሱን ኃይል መበተን እንጂ ማከማቸት የማልመክረው። ብዙ ሰው በትንሹ ይነካ። አንድ ሰው ብቻውን አይደቅ።

ተራ እንስጠው ያልኩሽም ለዚህ ነው። መሣሪያው ደንቡ ውስጥ አለ፣ ሌጀንደሪ አክሽን ይባላል። ለምሳሌ ሲአሩ 17 የሆነው ጎልማሳ ቀይ ድራጎን ሦስት አለው። ሌላ ሰው ተራውን በጨረሰ ቁጥር አንድ ብቻ ይጠቀማል። የራሱ ተራ ሲደርስ ሦስቱም ይመለሱለታል። ፋየር ጃይንት በደንቡ ይህ የለውም። አንቺ ስጪው። ለስምንት ሰው ሦስት ሳይሆን አራት ስጪው፣ በየሁለት ተጫዋቹ አንዴ እንዲንቀሳቀስ። ያኔ ተጫዋቾቹ ተራቸውን ሲጠብቁም ቦሱን ያዩታል። «ቀጥሎ ማንን ይይዝ ይሆን?» እያሉ ያስባሉ። ስልክ የሚነካካው ልጅ ስልኩን ያስቀምጣል።

ግን አራቱን በሙሉ የሰይፍ ምት አታድርጊያቸው። ከዚያማ ምቱን ማጠንከር ሆነ። እኔ ብሆን ሦስት ዓይነት እሰጠዋለሁ። አንደኛው እርግጫ ነው፦ 10 ጉዳት፣ ከዚያ ሴቩን (ለማምለጥ የሚጣለውን ዳይስ) የወደቀ ሰው 10 ጫማ ወደ ኋላ ይገፋል። ሁለተኛው ፍም መዝገን ነው፦ ከምድጃው ዘግኖ አንድ ቦታ ላይ ይበትናል፣ እዚያ የቆመ ወይም ያለፈ ሰው ይቃጠላል። ሦስተኛው ትእዛዝ ነው፦ አንዱን ውሻ ስሙን ጠርቶ እንዲሮጥና እንዲነክስ ያደርጋል። ሦስቱም ሰው ያንቀሳቅሳሉ፣ ቦታ ያስለቅቃሉ፣ እቅድ ያበላሻሉ። ማንንም በአንድ ጊዜ አይገድሉም።

ውሻ ያልኩት ሄል ሃውንድ የሚባለውን እሳት የሚተፋ ውሻ ነው። ፋየር ጃይንቶች ሄል ሃውንድ ማሳደግ ስለሚወዱ ከታሪኩ ጋር ይሄዳል። አራት አስገቢ። በ2014ቱ ደንብ አንዱ 45 ኤችፒና 700 ኤክስፒ አለው። ድምሩ 7,800 ይሆናል። አምስት ጭራቅ በተለመደው ቡድን በ2 ይባዛል፣ ለትልቅ ቡድን ግን አንድ ደረጃ ወርዶ በ1.5 ነው። 11,700 መጣ። ከከባዱ 8,800 በላይ፣ ከገዳዩ 13,600 በታች። ሌጀንደሪ አክሽኖቹ ይህ ሂሳብ ውስጥ ስላልገቡ ሚዛኑ ትንሽ ከዚያ ከፍ ይላል። የምንፈልገውም እዚያ አካባቢ ነው። አራቱንም በአንዴ አታሰልፊያቸው። ሁለቱ ከመጀመሪያው ይኑሩ፣ ሁለቱ ቆይተው ይምጡ።

የጃይንቱን ኤችፒ ጨርሰሽ አትንኪው አላልኩም። 162 የዳይሱ አማካይ ነው። ኤችፒው 13 ዲ12 (13 ባለ 12 ገጽ ዳይስ) ሲደመር 78 ስለሆነ ከፍተኛው 234 ይደርሳል። 234ን ውሰጂ። ደንቡን ሳትጥሺ ከክፉ ወንድም የሚጠበቀውን ጥንካሬ ታገኛለሽ። ከአራቱ ውሾች ጋር የጠላት ወገን ኤችፒ 414 ሆነ። በዙር 96 ለሚያወርድ ቡድን ይህ ከአራት ዙር ትንሽ ያልፋል። የአንቺ ስምንት ሰዎች ኤችፒ ሲደመር ደግሞ 420 አካባቢ ይሆናል። ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ አየሽ?

አራት ዙር ያልኩት በምክንያት ነው። ከስምንት ሰው ጋር አንድ ዙር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አራት ዙር ሁለት ሰዓት ነው። ስድስት ዙር ከሆነ ሰው ይደክመዋል፣ ወደ ቤት መሄጃውን ያስባል። ስለዚህ የውጊያውን ርዝመት ከሰዓት ተነስተሽ ወስኚ። ፍጥነት ለመጨመር ሁለት ነገር ይበቃል። አንዱን ስትጠሪ ቀጣዩንም አብረሽ ጥሪ፦ «ያንተ ተራ ነው፣ ከዚያ ያንቺ፣ ተዘጋጂ»። ለውሾቹ ደግሞ ጉዳት አታንከባልዪ፣ የተጻፈውን አማካይ ተጠቀሚ። ከዚያ በላይ ሰዉን አታስቸኩይው። ስምንት ጓደኛ አንድ ቤት የሚሰበሰበው ለመጨዋወትም ነው። ሳቁና ወሬው የምሽቱ አካል ነው።

አሁን ብዙ ዲኤም የሚዘነጋው ነገር ላይ ደረስን፣ አስማቱ። ስምንት ሰው ውስጥ ሁለቱ ሌቭል 7 ላይ ፖሊሞርፍ ሊኖራቸው ይችላል። ይህ ስፔል (አስማት) ቦስሽን ወደ በግ ሊለውጠው ይችላል። ለመዳን ዊዝደም ሴቭ ያስፈልጋል። ጃይንቱ የሚጨምረው 2 ብቻ ነው፣ የተጫዋቹ ዲሲ (ለመዳን መድረስ ያለበት ቁጥር) አብዛኛውን ጊዜ 15 ነው። ስለዚህ ዳይሱ ላይ 13 እና ከዚያ በላይ ካላመጣ አለቀለት። ከ100 ውስጥ 60 ጊዜ ይወድቃል። ሁለት ሰው ከሞከረበት ቢያንስ አንዱ የሚሳካበት ዕድል ከ100 ውስጥ 84 ነው። ያ ሁሉ ምድጃና ውሻ በአንድ ዳይስ ይቀራል።

መከላከያው ሌጀንደሪ ሬዚስታንስ ነው፦ በቀን ሦስት ጊዜ የወደቀበትን ሴቭ እንዳለፈ ይቆጥራል። ለወንድምየው ይህንንም ስጪው። ግን እንዳለ ብቻ አትስጪው። ተጫዋቹ ትልቁን ስፔሉን አውጥቶ «አይ፣ ዳነ» ሲባል ያመዋል፣ የጠፋበት ተራ ነዋ። ዳግም ተራው እስኪደርስ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ነው። ስለዚህ ቦሱ ዋጋ ይክፈል። እያንዳንዱን ሲጠቀም ከጥሩሩ አንድ ሳህን ተሰንጥቆ ይውደቅ፣ ኤሲውም በአንድ ይቀንስ። ከ18 ወደ 17፣ ከዚያ 16፣ ከዚያ 15። ለሁሉም ጮክ ብለሽ ተናገሪው። ዊዛርዱ አልተሳካለትም፣ ነገር ግን ፋይተሩ (ተዋጊው) «በጎ አደረግክ፣ አሁን ይገኛል» ይለዋል። በስምንት ሰው ጠረጴዛ ላይ ይህ ቅንጅት ትልቅ ደስታ ነው። አራተኛው ስፔል ሲመጣ ደግሞ ምንም መከላከያ የለውም። ያኔ በግ ቢሆን ለፍተው ያገኙት ድል ስለሆነ ደስ ይበልሽ።

ስለ ቦታው ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም የተራ ችግርን ግማሹን የሚፈታው ቦታ ነው። ስምንቱም ቦሱን ከመምታት የተሻለ ሥራ ከሌላቸው ስምንቱም ይመቱታል። ሥራ ስጫቸው። ወንድምየውም እዚያው ብረት ማቅለጫ ውስጥ ይግጠማቸው። እንግዲያው ሁለት ትልልቅ ወናፎች አስቀምጪ፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ወናፎቹ እስከሠሩ ድረስ፣ ኢኒሺዬቲቭ (የተራ ቅደም ተከተል) 20 ላይ ምድጃው ነበልባል ይተፋል። ወናፍ ለማቆም አንድ ሰው እዚያ ደርሶ አንድ አክሽን (በተራው የሚፈቀድለትን ዋና ድርጊት) ማጥፋት አለበት። ሰንሰለት የታሰሩ እስረኞች መስፉ አጠገብ አኑሪ፣ እነሱን መፍታት ሌላ አክሽን ነው። እንዲህ ስታደርጊ በየዙሩ ሁለትና ሦስት ሰው ከጃይንቱ ላይ ይነሳል። የቡድኑ ጉዳት ይቀንሳል፣ ግን ማንም ተቀነሰብኝ አይልም። የሠራው ሥራ ውጤቱ ይታያልና።

ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ፋየር ጃይንትም ሄል ሃውንድም እሳት አይነካቸውም። ፋየርቦል (የእሳት ኳስ አስማት) ብቻ የሚወድ ልጅ ካለሽ ምሽቱን ባዶ እጁን ያሳልፋል። ወናፉ፣ እስረኞቹ፣ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው የውኃ ጋን ለእሱ ናቸው። ከመጀመርሽ በፊት የስምንቱን ወረቀት አንብቢና ለእያንዳንዱ «ይህ ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ምን ያደርጋል?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ያጣሽለት ሰው ካለ አንድ ነገር ጨምሪ።

ነበልባሉን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ምክር አለኝ። ሳታስጠነቅቂ አታቃጥዪ። በዚህ ዙር የወለሉን አንድ ክፍል «ድንጋዩ ይቀላል፣ ይግላል» በዪና በካርታው ላይ ምልክት አድርጊበት። በሚቀጥለው ዙር 20 ላይ ይፈነዳል፣ 4 ዲ6 ጉዳት፣ በአማካይ 14። ሰው የመሸሽ ዕድል አገኘ። መሸሽ ደግሞ ውሳኔ ይጠይቃል፦ ቦታዬን ልልቀቅ ወይስ የወደቀውን ጓደኛዬን ልጎትት? ያልታወቀ ጉዳት ቁጥር ብቻ ነው። የታወቀ አደጋ ግን ስምንቱንም እርስ በርስ ያነጋግራል።

ግማሽ ላይ ሲደርስ፣ ማለት 117 ኤችፒ ሲቀረው፣ ነገሩን ቀይሪው። ሰይፉን ምድጃው ውስጥ ሰክቶ ያወጣዋል፣ ምሰሶውን ይመታል፣ የጣሪያው ግማሽ ይወርዳል፣ የቀሩት ሁለቱ ውሾች በተከፈተው ቀዳዳ ይገባሉ። ካርታው ተቀየረ። ሁለት ዙር የሠራ እቅድ አሁን አይሠራም። ይህ ለውጥ ሁልጊዜ ግማሽ ላይ መሆኑን ለራስሽ ቀድመሽ ጻፊ። ስምንት ሰው በአንድ ዙር እስከ 150 ሊያወርድ ይችላል፣ አንዳንዴ ዳይሱ እንዲህ ያለ ቀን ያመጣል። ያኔም ለውጡ ይመጣል፣ ጃይንቱም ቢያንስ አንድ ተራ በአዲሱ መልኩ ይጫወታል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ካስፈለገ ኤችፒውን በድብቅ እጨምራለሁ» ይላል። እኔ አልስማማም። ተጫዋቾችሽ አንድ ቀን ያውቁታል። ካወቁ በኋላ የትኛውም ድል የእነሱ አይመስላቸውም። ከፈራሽ መጠባበቂያውን ቀድመሽ አዘጋጂ። ለምሳሌ ሦስተኛው ዙር ሲጀመር ጃይንቱ ገና ከግማሽ በላይ ከሆነና ሁለት ተጫዋች ከወደቀ፣ ውሾቹ አይመጡም፣ ከተፈቱት እስረኞች አንዱ ወናፉን ያቆማል። ይህን ከውጊያው በፊት ጻፊው። ከዚያ ዳይሱን ለሁሉም በሚታይ ቦታ አንከባልዪ።

ሌላው ሳይታሰብ የሚቀረው ዕረፍት ነው። የ2014ቱ ደንብ በአንድ ቀን ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛና ከባድ ውጊያ እንደሚኖር አስቦ ነው የተሠራው። የአንቺ ሰዎች ግን ሙሉ ሌሊት ተኝተው፣ ስፔላቸው ሞልቶ ምድጃው ጋ ከደረሱ ሁሉንም በአንድ ውጊያ ያፈሱታል። ስምንት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያፈስ የሚቆም ቦስ የለም። ከምድጃው በፊት አንድ አጭር ነገር አስገቢ። የግድ ውጊያ አይሁን። የሚፈርስ ድልድይ ወይም በጭስ የታፈነ ዋሻ በቂ ነው። ዓላማው ሁለት ሦስት ስፔል ማስወጣት ነው።

ጊዜ ከሌለሽና ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ መውሰድ ካለብሽ አራቱን ሌጀንደሪ አክሽን ውሰጂ። ሁለት መጨመር ከቻልሽ ወናፎቹን ጨምሪ። ሌላው በኋላ ይደርሳል። የጃይንቱን ነገር ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊ፦ ከላይ 234፣ 117 ላይ ቀይ መስመር፣ አራት ትንንሽ ሳጥን ለሌጀንደሪ አክሽን፣ ሦስት ለሬዚስታንስ። በተጠቀምሽ ቁጥር ምልክት አድርጊ፣ አለበለዚያ በስምንት ሰው ድምፅ መሀል ትረሺዋለሽ። ከዚያ ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ባለው ምሽት ወረቀቶቻቸውን ይዘሽ ብቻሽን ሁለት ዙር ተጫወቺ፣ ለሁሉም አንቺ እያንከባለልሽ። ከሁለት ዙር በኋላ ጃይንቱ 40 እና 50 አካባቢ ወርዶ ከሆነ አንድ ውሻ ጨምሪ። ሦስት ተጫዋች ተዘርሮ ከሆነ ደግሞ እርግጫውን ጉዳት አልባ አድርጊው፣ መግፋቱ ብቻ ይቀጥል።